ለፋብሪካዬ ሸሪክ ላስገባ ወይስ ልበደር?

ጥያቄ፦ ዳባት ላይ የዱቄት ፋብሪካ አለኝ። ማሽን ልጨምር ስል አንድ የጎንደር ነጋዴ «ገንዘቡን ልስጥህ፣ ግማሹን ድርሻ ስጠኝ» አለኝ። ልስማማ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ አይቸኩሉ። ግማሽ ድርሻ ሲሰጡ የውሳኔውንም ግማሽ ሰጡ ማለት ነው። መጀመሪያ ባንክ ይጠይቁ፤ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ቤት ብቻ ሳይሆን ማሽን፣ የተከማቸ እህልና ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሒሳብም በዋስትና እንዲያዝ ይፈቅዳል። ባንክ የገንዘብ እንቅስቃሴዎን ማየት ይፈልጋል፤ ስለዚህ የደባርቅም የጎንደርም ደንበኞችዎ በቴሌብር ወይም በባንክ ይክፈሉዎት።

ሽርክናው ከተሻለዎት፣ በ2013ቱ የንግድ ሕግ መሠረት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያቋቁሙ። ፋብሪካውን ገለልተኛ ባለሙያ ይገምተው። ሥራ አስኪያጁ ማን እንደሆነ፣ ትርፍ እንዴት እንደሚከፈል፣ አንዳችሁ መውጣት ቢፈልግ ድርሻው ለማን እንደሚሸጥ በጽሑፍ ይስፈር። ፊርማው ከገንዘቡ ይቅደም።