በሚያስፈልገው ስፍራ ብቻ የሚጠብ የመረብ ዐይን

የአየርን ፍሰት በኮምፒዩተር ስናሰላ ስፍራውን በመረብ ከፋፍለን በእያንዳንዱ የመረብ ዐይን ውስጥ ፍጥነትንና ግፊትን እንፈልጋለን። የዐይኑን ጎን በግማሽ ብናሳንስ የዐይኖቹ ቁጥር በሦስቱ አቅጣጫዎች 8 እጥፍ ይሆናል፤ ስሌቱ እንዳይናጋ የጊዜው እርምጃም በግማሽ ስለሚያጥር ሥራው 16 እጥፍ ያድጋል።

ይሁን እንጂ ከድምፅ በፈጠነ አውሮፕላን ፊት የሚነሣው የግፊት ሞገድ እጅግ ስስ ነው። ማርሻ በርገርና ጆሴፍ ኦሊገር እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት ዘዴ ስሕተቱን ራሱ እየገመተ፣ ስሕተት በበዛበት ስፍራ ብቻ ደቃቅ መረብ ይደርባል፤ ሞገዱ ሲያልፍም ያነሣዋል።

ከስፍራው አንድ ዐሥረኛው ብቻ ቢደረብበት ሥራው 1 + 1.6 = 2.6 እጥፍ ይሆናል። በሁለቱ መረቦች ድንበር ግን ከአንዱ የወጣው መጠነ ቁስ ወደ ሌላው ከገባው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ ስሌታችን አየርን ከምንም ይፈጥራል ወይም ያጠፋል።