የኪቦርድ ስም በማን አፍ ይጠራ?

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ልምምድ ላይ ኪቦርዲስቱን «የዲኤክስ ሰባትን ፒያኖ አውጣው» ብለው፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ጊታሪስት ሳቀብኝ። «ሰቨን ነው የሚባለው» አለኝ።

ጋሼ፦ ምን መለስክለት?

ወጣቱ፦ ዝም አልኩ።

ጋሼ፦ ጥፋትህ ዝምታህ ነው። ዲኤክስ ሰባትን ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ ያወጣው ጃፓን ነው። ድምፁ የሚፈልቅበትን ዘዴ ያገኘው ደግሞ ጆን ቻውኒንግ የሚባል የስታንፎርድ ሰው ነው። ሐሳቡ አሜሪካዊ፣ ፋብሪካው ጃፓናዊ፣ የሚጫወተው ቦንጋ ላይ። ዳኛው የማን አፍ ሊሆን ነው?

ወጣቱ፦ የሠሪው አይሆንም?

ጋሼ፦ ጎሽ! ሲንተሳይዘር ሠሪው ሮበርት ሞግ የራሱን ስም «ሞግ» ብሎ ነበር የሚጠራው። ሚኒሞግ የተባለው ኪቦርዱ እ.ኤ.አ. በ1970 ወጣ፤ ሰውዬው በ2005 አረፈ፤ ፈረንጁ ግን ዛሬም «ሙግ» ይላል። የአገሩ ሰው ያልጠራለትን ስም እኔ አስተካክዬ ጠራሁ፤ ምን አተረፍኩ? አንድ ጊዜ ፒያሳ ወደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ገብቼ «ሞግ አላችሁ?» አልኩ። ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ጓደኛውን ጠራው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ክራርና የልጆች ጊታር ነው፤ እሱ ጉዳዬ አልነበረም። «ሞግ!» አልኩ ደግሜ፣ ጠበቅ አድርጌ። «ጋሼ፣ ከየት ነው የመጡት?» አለኝ። ከከፋ፣ አልኩት። ተያይተው ሳቁ። አየህ ንቀቱን? የከፋ ሰው ስም መጥራት አይችልም ማለታቸው እኮ ነው! ትክክለኛውን የያዝኩት እኔ፣ የተሳቀብኝም እኔ።

ወጣቱ፦ ምናልባት የሳቁት እንዲህ ያለ ዕቃ እነሱ ዘንድ ስለማይሸጥ…

ጋሼ፦ አታቋርጠኝ። ሮላንድን እንይ። ኢኩታሮ ካኬሃሺ እ.ኤ.አ. በ1972 ኩባንያውን ሲያቋቁም ይህን ስም የመረጠው ለውጭ አገር ሰው አፍ እንዲቀል ብሎ ነው። የጃፓን ቋንቋ ደግሞ «ረ»ን ከ«ለ» አይለይም፤ ስሙ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ባለቤቱ ራሱ በአገሩ አፍ የማይለየውን ስም አውጥቶ በዓለም ሁሉ ሸጠ፤ ማንም አልሳቀበትም። ኮርግ የሚባለው ኪቦርድ ስምም ከኩባንያው መጠሪያ ከ«ኬዮ» እና ከ«ኦርጋን» ተቆርጦ የተሰፋ ነው። ለንግድ የተበጀ ስም ነውና ሊቀ ሊቃውንት አያስፈልገውም። እኛም ብንሆን ከአርባ ልጆች ባንድ እስከ ደርግ ዘመን ኪነት፣ ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ከነበረችበት ጊዜ አንስቶ ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. የክልል መቀመጫ እስከሆነች ድረስ፣ መሣሪያውን ሁሉ በራሳችን አፍ እየጠራን ነው የተጫወትነው። ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን ከሞግ፣ ከሮድስና ከዲኤክስ ሰባት ጋር አዋህዶ ካሴት አወጣ። ያን ካሴት የሰማ ሰው «ለመሆኑ ኃይሉ ሰባት ነው የሚለው ሰቨን?» ብሎ ይጠይቃል? ጣቱን ነው የሚሰማው። የዛሬ ልጆች ግን አንድ ኮርድ ሳይዙ የሞዴል ቁጥር በእንግሊዝኛ ይደረድራሉ። በየሰርጉ አያቸዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱም እንግሊዝኛውም አብሮ ዝም ይላል፤ ክራር የያዘው ግን ይቀጥላል።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ የእኔ ኪቦርድ አዳፕተሩ ተቃጥሏል። ጅማ ላለው ሻጭ ደውዬ ሳዝ ሞዴሉን እንዴት ብዬ ልጥራው?

ጋሼ፦ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በስልክ «ፊፍቲ» እና «ፊፍቲን» ይምታታል፤ ሃምሳና አሥራ አምስት ግን አይምታታም። ቁጥሩን በአማርኛ፣ አንድ በአንድ ንገረው። ቮልቱንም ጠይቅ፤ አንዳንዱ 9 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ አንዳንዱ 12። ለባለ 9ኙ 12 ከሰካህበት ኪቦርዱንም ልታጣው ትችላለህ። ገልብጠው፣ ሆዱ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንሳና በቴሌግራም ላክለት።

ወጣቱ፦ እሺ፣ አሁኑኑ እደውላለሁ።

ጋሼ፦ ደውል። ከሳቀ ስልኩን ለእኔ አቀብለኝ።