የኮምፒዩተርን ሣጥን እንደ አውቶሞቢል ስለ መቀባት



ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት መቀሌ ለብዙ ወራት መብራት አጥታ ስለ ነበረ፥ ብዙ ኮምፒዩተር በየጥጉ አቧራ ለብሶ ከርሟል። እኛ አምስት ጓደኛሞች የምንገለገልበትም አሮጌ መሣሪያ ከነዚሁ አንዱ ነው። ውስጡ ደኅና ቢሆንም ሣጥኑ ዝጎ ነበር። አዲስ ለመግዛት ዐቅም ስለሌለን እንደ አውቶሞቢል ልንቀባው አሰብን። በመጀመሪያው ሙከራ ቸኩለን በዝገቱ ላይ ቀለም ብንነፋበት በሳምንቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሆነና ከአንድ ጋራዥ ሄደን ከቀለም ቀቢው ተማርን። ትምህርቱም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ የኤሌክትሪኩ ዕቃ ሁሉ ተፈትቶ ይውጣ። ቀለም ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ፥ ዋናው ሰሌዳ በብሎን የሚያርፍባቸው ነጥቦች በፕላስተር ተሸፍነው ሳይቀቡ ይቅሩ።

ሁለተኛ፤ ላሜራው በሳሙና ታጥቦ በቲነር ይወልወል። ዝገቱ በ180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይፈግፈግ፤ የተሰረጐደውም በስስ ስቱኮ ይሞላ።

ሦስተኛ፤ ዝገት ተከላካዩ የመሠረት ቀለም ከደረቀ በኋላ፥ ጥቁር ቀለም ከሩቅ እንደ ጉም ይነፋበት። በ600 ቁጥር ወረቀት በውሃ ሲፈገፈግ ጥቁሩ ሳይለቅ የቀረበት ስፍራ ጐድጓዳ መሆኑ ይታወቃል።

አራተኛ፤ ዋናው ቀለም ከ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ሦስት ጊዜ ሳሳ ተደርጎ ይነፋ፤ በየመካከሉ 15 ደቂቃ ያህል ይቆይ። አንድ ጊዜ ቢያጠግቡት ይፈሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፥ በበጋ ደረቅና ነፋሻ ስለሆነች፥ በነፋስ ሰዓት ቀለሙ በአየር ላይ ደርቆ እንደ አሸዋ ይቈረፍዳል። ስለዚህ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ መሥራት፥ ወለሉንም ውሃ መርጨት ይገባል።

አምስተኛ፤ የሚያብረቀርቀው የላይ ቫርኒሽ ነው። እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያሻል። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ዓይነት አይሶስያኔት የሚባል ቅመም ስላለበት፥ ጉሙ ወደ ሳንባ ቢገባ ጽኑ አስም ሊያስከትል ይችላል፤ አፍን በጨርቅ መሸፈን አይከላከለውም። ስለዚህ ይህን ሥራ ተገቢው የመተንፈሻ መሣሪያ ላለው ባለሙያ እንተው። ጥቂት ብር ለማዳን ትንፋሽን ማጣት ቁጠባ አይደለም።

በመጨረሻ፤ ሳምንት ቆይቶ በ2000 ቁጥር ወረቀት በውሃ ተለስልሶ በማጽጃ ቅባት ይወልወል።

ሣጥናችን ዛሬ ፊት ያሳያል። ነገር ግን ከድካማችን የሚበዛው ያለቀው ቀለም ሳይነካው ነው። ቀለም ቀቢው ይህን ያስተማረን ያለ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ እኛ የብዕር ተማሪዎችም ወደ ጋራዡ ስንገባ አንገታችንን አቅንተን፥ ስንወጣ ግን ዝቅ አድርገን እንደ ነበር ሳንደብቅ እንናገራለን።