የድሮን ባትሪን ለመብራት መልሶ ስለ መጠቀም

የተራቆተ ተፋሰስን ወይም የደብርን ይዞታ ከአየር ለማንሣት ያገለገለ ድሮን ሲሰበር፣ ባትሪው ብዙ ጊዜ ደኅና ሆኖ ይቀራል። ነገር ግን ለአምራቹ ዕቃ ብቻ እንዲገጥም ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ያለ ጥቅም ይቀመጣል። በዚህ ትምህርት የምናሳየው ባትሪው ሳይከፈት ለማታ ጉባኤ መብራት የሚውልበትን ማገናኛ ነው።

ፋንተም 4 የተባለውን እንውሰድ። ባትሪው በተከታታይ የተያያዙ 4 ሴሎች አሉት፤ መደበኛው 15.2፣ ሲሞላ 17.4 ቮልት ነው፤ የሚይዘውም 81 ዋት ሰዓት ያህል ነው። ባለ 12 ቮልት አምፖል በቀጥታ ቢያያዝበት ሊቃጠል ስለሚችል፣ ቮልቴጁን ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር በመካከል ይግባ።

ማገናኛውን ከባዶ መሥራት አያሻም። የሚሻለው በተሰበረው ድሮን ሆድ ውስጥ ባትሪው የሚሰካበትን ክፍል ከነማቀፊያው ማውጣት ነው፤ ልኩ የተጠበቀ ነውና። ወፍራሞቹ የኃይል መስመሮች፣ ቀጫጭኖቹ የመረጃ ናቸው፤ እነዚህ አይነኩ። ፖዘቲቩ በግምት ሳይሆን በመልቲሜትር ይለይ። ሽቦው ከተበየደ በኋላ በፖዘቲቩ ላይ፣ ለባትሪው በቀረበ ስፍራ፣ ባለ 5 አምፔር ፊውዝ ይግባ፤ የተራቆተ ሽቦም አይቅር። ባትሪው የሚበራው ቁልፉ አንድ ጊዜ ተነክቶ ወዲያው እንደገና ተጭኖ ሲያዝ ነው። ኃይል አልሰጥ ካለ እንተወው፤ ከፍቶ ማስገደድ የእኛ ሥራ አይደለም።

ደኅና ባትሪ ሁለት ባለ 5 ዋት አምፖሎችን 5 ሰዓት ያህል ያበራል። ለሰንበት ትምህርት ቤት የማታ ጥናት ይበቃል፤ ሌሊቱን ሙሉ ለሚቆም ማኅሌት ግን አይበቃም። ቮልቴጁ 14 ሲደርስ ይጥፋ።

አጥብቀን የምንናገረው ስለ እሳት ነው። የሊትየም ባትሪ አንድ ጊዜ ከተቀጣጠለ በቀላሉ አይጠፋም። ስለዚህ ያበጠ፣ የተበሳ ወይም ውኃ የገባበት ባትሪ ከቶ አይሞላ፤ ደኅናውም ቢሆን በራሱ ቻርጀር ብቻ፣ ሰው እያየው፣ ከሣር ክዳን ርቆ በድንጋይ ወለል ላይ ይሞላ። ንዋያተ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍት ባሉበት ዕቃ ቤት ውስጥ መሙላትም ሆነ ማስቀመጥ አይገባም። ጧፍ ሲበራ የምንጠነቀቀውን ያህል ለዚህ አለመጠንቀቃችን ያስገርመናል።

ሰበካ ጉባኤው አንድ ኃላፊ ይሰይም፤ እርሱም የተሞላበትን ቀንና ቮልቴጁን በመዝገብ ይጻፍ። ለብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ባትሪ ሙሉ ሳይሆን በግማሽ ኃይል ይቀመጥ።