ከሩቅ የተመለከተችው እህት



ከልጅነታችን ጀምሮ ቁርኣን እየቀራን ያደግን ሰዎች ስለ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ሲነሳ የፊርዐውንን ግፍ፣ በትሩንና የተከፈለውን ባሕር እናወራለን። እናቱንም አንረሳም። እህቱን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳታለን? እኔ ራሴ ሱረቱል ቀሶስን ስንት ጊዜ ቀርቼ እንዳለፍኩ አላህ ያውቃል፤ እዚያች ልጅ ዘንድ ስደርስ ግን ቆሜ አላውቅም ነበር። የቆምኩት በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ እዚሁ ኮተቤ፣ ከሆስፒታል አጥር ውጭ ጃንጥላ ይዤ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከመገናኛ ኮተቤ ካራ የሚሠራ የታክሲ ሹፌር ነው። ያን ጊዜ ኮሮና በአገራችን ከተገኘበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ወዲህ አራት ወር አልፎ ነበር። እሱም በአስቸኳይ ጊዜው ደንብ መሠረት ግማሽ ሰው እየጫነ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ አፉን ሸፍኖ ይሠራ ነበር። በሰኔ መጨረሻ ትኩሳት ያዘው። ሄዶ የታየበት ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠው። (በእኛ አገር ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ ነው፤ ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ እንለፈው።) ጎረቤታችን፣ ክርስቲያን የሆኑት አሮጊት፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ዳማ ከሴ አፍልተው በእንፋሎቱ አጠኑት። ሳምንት ሳይሞላው አንድ ሌሊት «ውኃ አምጪልኝ» ለማለት ሦስት ጊዜ ሲያርፍ ሰማሁት። በ8335 ደወልኩ። አምቡላንሱ ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ ከየአጥሩ ሥር ያይ ነበር። ወንድሜን ነጭ ልብስ የለበሱ፣ ፊታቸው የማይታይ ሰዎች ደግፈው ሲያስወጡት እናታችን ልትስመው ሮጠች፤ የያዝኳት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ያ አያያዜ እጄ ላይ አለ።

የተወሰደው ወደ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነው። ይህ ሆስፒታል ገና ወረርሽኙ ሲጀምር የኮሮና ሕሙማን ማከሚያ እንዲሆን የተመደበ ነው። ከቤታችን በእግር ሃያ ደቂቃ ቢወስድ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ከመኝታው ዳር የሚጠፋ ሰው አይኖርም ነበር። እኛ ሀበሾች የታመመ ሰው ቤት ብርቱካን ይዘን ሳንጠራ እንሄዳለን፤ በዲናችንም የታመመን መጠየቅ አንድ ሙስሊም በሌላው ሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ታዲያ ያን ሐቅ ልወጣ ብሄድ በሩ ተዘጋብኝ። ጥበቃው ሽማግሌ «ልጄ፣ ለአንቺም ለእናትሽም ብለው ነው» አሉኝ። የስልኩን ቻርጀር ብቻ ተቀብለው አስገቡልኝ። ልቤ ግን ተቆጣ። አጀሉን የወሰነው አላህ ከሆነ ሰው ምን አግብቶት ነው ከወንድሜ የሚለየኝ? ብዬ አጉረመረምኩ።

ይህን ጥያቄዬን የሰፈራችን ኡስታዝ በስልክ ሰምተው የመለሱልኝ በዑመር (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። ዑመር ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በምትባል ቦታ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሙሃጅሮችን አማከሩ፤ አንሷሮችን አማከሩ፤ የቁረይሽ ሽማግሌዎችንም አማከሩና ለመመለስ ወሰኑ። የሻሙ አዛዥ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) «ከአላህ ውሳኔ ትሸሻላችሁን?» ዓይነት ጥያቄ አነሱባቸው፤ ዑመርም ሽሽታቸው ከአላህ ቀደር ወደ ራሱ ወደ አላህ ቀደር መሆኑን ነገሯቸው። በኋላ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው፣ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትንም ሆነ ከዚያ ሸሽቶ መውጣትን ነቢዩ መከልከላቸውን መሰከሩ። ይህን ታሪክ በዚያ ዓመት ያልሰማ ሙስሊም የለም ማለት ይቻላል። እኔን የገረመኝ ግን ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግማሹ ነው። ዑመር ተመለሱ፤ አቡ ዑበይዳ ደግሞ ከሰዎቻቸው ጋር ቆይተው በዚያው በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ በዐምዋስ ወረርሽኝ ሞቱ። የተመለሱትም የቆዩትም አንዱን ሐዲስ ነው የታዘዙት። እንግዲህ ወንድሜ ውስጥ መሆኑ፣ እኔ ውጭ መሆኔ፣ ሁለቱም መታዘዝ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህ አእምሮዬን አሳረፈው። ልቤን ግን አላሳረፈውም፤ ልብ በማስረጃ ብቻ አይረጋም።

ከሱብሒ በኋላ ቁርኣን ስቀራ ሱረቱል ቀሶስ ላይ ደረስኩ። የሙሳ እናት ልጇን ወንዝ ላይ ስትጥለው እንደሚመለስላት ከአላህ ቃል ተሰጥቷታል። እንዲያም ሆኖ ልቧ ባዶ ሆነ፤ አላህ ባያጠነክራት ኖሮ ምስጢሩን ልታወጣው ተቃርባ ነበር። እዚህ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እናታችን «እምነቴ ደከመ መሰለኝ፣ ዱዓእ ሳደርግ እንኳ ምንም አይሰማኝም» ስትለኝ ሰንብታ ነበርና። ቃል የተገባላት የነቢይ እናት ልቧ ባዶ ከሆነ የኮተቤዋ እናቴ ልብ ባዶ ቢሆን የኢማን ጉድለት ነው የሚላት ማን ነው?

ቀጥሎ ያችን ልጅ አገኘኋት። እናቷ ዱካውን ተከተይ አለቻት። ተከተለች። ወንድሟ እንደሚመለስ የተሰጠውን ቃል እሷም ሰምታ እንደነበር ቁርኣኑ አይነግረንም፤ በእጇ የነበረው የእናቷ ትእዛዝ ብቻ ይመስላል። ወንዙ ውስጥ ዘላ አልገባችም። አልቅሳም ወደ ቤት አልተመለሰችም። ማንም ሳይጠረጥራት ከዳር ሆና ከሩቅ ትመለከተዋለች። ሕፃኑ የሞግዚቶችን ጡት እምቢ ሲል ደግሞ፣ የሚያሳድገው ቤተሰብ ልጠቁማችሁ ወይ ብላ አንዲት ነገር ትናገራለች። ያቺ ንግግር ወንድሟን ወደ እናቱ እቅፍ መለሰችው። የመለሰው አላህ ነው፤ ሰበቡ ግን ከሩቅ ስታይ የቆየች ልጅ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥሩ ሥር መቆሜ ከንቱ አልመስልህ አለኝ።

በየማለዳው እሄድ ነበር። የየካ ተራራ በጉም ይሸፈናል፤ እንጨት ተሸካሚ እናቶች ከባሕር ዛፉ ደን ይወርዳሉ፤ የደሴው መንገድ ጭቃ በጭቃ ነው። ከሰኔ 23 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ምስል መላላክ የለም፤ ስልክ ብቻ ነው። ወንድሜ መናገር ያደክመው ነበርና ተስማማን፤ ሱብሒ ላይ አንድ ጊዜ ሚስኮል ካደረገልኝ «ነቅቻለሁ፣ አለሁ» ማለት ነው። እኔም አላነሳም። አንድ ሰው ለሌለ ወንድሙ ዱዓእ ሲያደርግ መልአክ አሚን እንደሚልለትና ለራሱም ተመሳሳዩ እንዲሰጠው እንደሚለምንለት ከነቢዩ የመጣ ሐዲስ አለ። «የሌለ» የሚለው ቃል ድሮ ሩቅ አገር ያለ ሰው ይመስለኝ ነበር። ለካ በሃያ ደቂቃ መንገድም ሰው ይርቃል።

አሁን ለመጻፍ ወደከበደኝ ነገር ልምጣ። ወንድሜ የስኳር በሽታ ነበረበት። ካወቀ ዓመት ሆኖታል። ጃኬቱን ሳጥብለት ሜትፎርሚን የሚባለውን ክኒን ኪሱ ውስጥ አግኝቼ ስጠይቀው «እታለም፣ እናታችን ከሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ለማንም እንዳትነግሪ» ብሎ በአላህ ስም አስምሎኛል። ሆስፒታል ሲገባም ነባር በሽታ አለብህ ወይ ሲሉት የለብኝም ማለቱን ነግሮኛል። ሳምንት ያህል መሐላዬን ጠበቅኩ። አማና ነው አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን አማና ብቻ አልነበረም፤ እሱ ሲድን ይቀየመኛል ብዬ ፈርቼም ነው።

አንድ ቀን ሐኪሙ ራሱ ደወለልኝ። ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት ጀምረውለት ነበር። ይህ ርካሽና የቆየ መድኃኒት ነው፤ በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመሣሪያ ከሚተነፍሱ ሕሙማን መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጂን ከሚሰጣቸው መካከል ደግሞ በአንድ አምስተኛ ያህል እንደሚቀንስ በሰኔ 9 ቀን 2012 ገና ማስታወቃቸው ነበር። ነገር ግን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። የወንድሜ ስኳር በጣም ጨምሯል፤ ሐኪሙ ማወቅ የፈለገው ይህ ከመድኃኒቱ የመጣ ነው ወይስ የቆየ ነው የሚለውን ነው። «በቤተሰባችሁ ስኳር ያለበት አለ?» አለኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። ከዚያም የሙሳን እህት አሰብኳት። ስትከተል የቆየችው ለዚህች ቅጽበት አልነበረምን? መሐላ ምሎ ከመሐላው የተሻለ ነገር ያየ ሰው የተሻለውን እንዲሠራና ለመሐላው ማካካሻ እንዲሰጥ ነቢዩ አዘዋል፤ ይህን ከመድረሳ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የክኒኑን ስም፣ መጠኑንና ከመቼ ጀምሮ እንደሚወስድ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሐኪሙ «በጣም ጠቅመሽናል» ብሎ ኢንሱሊን አስጀመረው።

አንዳንድ ወገኖቻችን ተወኩል ማለት ነገሩን ለአላህ ትቶ መቀመጥ ይመስላቸዋል። አንዳንዶች ደግሞ ሐኪም እጅ ከገባ በኋላ ዱዓእ የሽማግሌ ሥራ ይመስላቸዋል። እኔ በዚያ አጥር ሥር ሁለቱን መለየት አቃተኝ። ዱዓእ እያደረግኩ ባልቆም ኖሮ እውነቱን ለመናገር ድፍረት የማገኝ አይመስለኝም።

የዙልሒጃ አሥሩ ቀናት ገቡ። በዚያ ዓመት ሐጅ ያደረጉት ሳዑዲ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ አንድ ሺህ ያህል ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ዐረፋም እንደኛ ሰፈር ጭር ብላለች ተባለ። ዐረፋ ሐምሌ 23 ቀን ዋለ። ጾሜን ይዤ ሱብሒን ሰገድኩና ስልኬን ጠበቅኩ። አልጠራም። ፀሐይ ወጣ፤ አልጠራም። ለእናቴ «ደውሏል» ብዬ ዋሸኋትና (አላህ ይማረኝ) ወደ ሆስፒታሉ ሮጥኩ።

በሩ ላይ እንደወትሮው አንዲት እህት ነበረች። ወንድሟ ከእኔ ወንድም አልጋ አጠገብ የተኛ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። እኛም ለሁለት ሳምንት ያህል ሁለት ሜትር ተራርቀን ስንቆም ተለማምደናል፤ ፊቷን ግን ካፍንጫዋ በታች አይቼው አላውቅም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጠራ። ነርሷ ናት፤ ሌሊቱን በደረቱ አስተኝተውት ትንፋሹ ተሻሽሎለት ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ስልኩ እጁ ውስጥ እንዳለ ተኝቷል አለችኝ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ጭቃው ላይ ለሱጁድ ልወርድ ስል የእሷም ስልክ ጠራ። ፊቷን ባላይም ትከሻዋን አየሁ።

ለእሷ የሙሳን እህት ታሪክ መንገር አልቻልኩም። ታሪኩ በመመለስ ነው የሚያልቀው፤ የእሷ ወንድም ደግሞ አይመለስም። በወረርሽኝ የሞተ ሸሂድ እንደሆነ የሚናገረውን ሐዲስ ብዙ ዑለማዎች በኮሮና ለሞቱትም ተስፋ አድርገውበታል፤ ይህን ኋላ ነገርኳት፤ እሷም ታውቀው ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ምንም ሳልል ሁለት ሜትሩን ጠብቄ አለቀስኩ። እሷ ናት የተናገረችው። «እስከተፈቀደልኝ ድረስ ተከተልኩት» አለች፤ «ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ የእኔ አይደለም።» ያቺን ልጅ ከእኔ ቀድማ አግኝታት ኖሯል።

ወንድሜ ከሆስፒታል የወጣው ከዒዱ በኋላ ነው። የቤታችንን ዳገት ሳያርፍ ለመውጣት እስከ ጥር ድረስ ጊዜ ወሰደበት። ስኳሩን መናገሬን ሲሰማ ለሁለት ቀን አኮረፈኝ፤ በሦስተኛው ቀን እናታችን ራሷ ክኒኑን በሰዓቱ ይዛለት መጣች፤ እንቅልፍም አላጣችም። የመሐላዬን ማካካሻ አሥር ድሆች አበላሁ። ሽሮና እንጀራውን ያዘጋጁልን አጥነውት የነበሩት ጎረቤታችን ናቸው። ወንድሜ ሲቆጥር ቆይቶ «እታለም፣ አሥራ አንድ ናቸው፤ አንዱ በእኔ ስም ይሁን» አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ያስታወቀው በሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው። እኔና ያቺ እህት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በየዓመቱ በዐረፋ ቀን ሱብሒ ላይ እንደዋወላለን። አንድ ዓመት እኔ፣ አንድ ዓመት እሷ። አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራል፤ አይነሳም።