ላሚቱ ለምን ሳትይዝ ቀረች?

አዳዲስ ቃላት

ህዋስ፦ የሰው፣ የእንስሳና የተክል አካል የተሠራበት፣ በዓይን የማይታይ ትንሽ ክፍል።
የዘር ህዋስ፦ ከወንድና ከሴት የሚመጣ፣ ሲገናኝ ፅንስ የሚሆን ህዋስ።
ድራት፦ ላም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ።
ስሪያ፦ የኮርማና የላም መገናኘት።
መሲና፦ የማትወልድ ላም።

1. የነገሩ መነሻ

በመቱ አካባቢ፣ ከሶር ወንዝ ብዙ በማይርቅ መንደር ስናስተምር ነው። ማታ ማታ ንባቡ ካለቀ በኋላ ጨዋታ ይመጣል። አንድ ቀን «ኦቦ» እያልን የምንጠራቸው አዛውንት ተማሪያችን ደብተራቸውን አጥፈው፣ «ነገ አልመጣም፤ ገበያ እወጣለሁ» አሉን።

ምን ሊሸጡ እንደሆነ ጠየቅናቸው።

«ላሚቱን ነዋ! ሁለት ዓመት ሙሉ ጥጃ የለ፣ ወተት የለ። መሲና ናት። ለሥጋ ትሂድ» አሉ።

አንዱ ጎረቤት «ዓይን በልቷት ነው» አለ። ሌላው «ሆራ ስላልጠጣች ነው» አለ። እኛ ደግሞ ሁለት ነገር ጠየቅን። ላሚቱ መጨረሻ ኮርማ የፈለገችው መቼ ነው? የተሰራችውስ በየትኛው ኮርማ ነው? ሁለቱንም በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

ላም ለገበሬ ቀላል ሀብት አይደለችም። የልጆች ወተት፣ የማሳ ፍግ፣ የነገ ጥማድ በሬ ከእሷ ነው የሚመጣ። ስለዚህ ኦቦን «ሁለት ወር ይታገሡን» ብለን ለመንናቸው። ብንሳሳት የሚከስሩት እሳቸው እንጂ እኛ አልነበርንም። ቢሆንም እሺ አሉን። ከዚያ በኋላ በነበሩት ምሽቶች የተማማርነው የሚከተለውን ነው።

2. የኮርማው ዘር

የኮርማ ዘር የሚሠራው በቆለጡ ውስጥ ነው። ቆለጥ ለምን ከሆድ ውጭ ተንጠለጠለ? ምክንያት አለው። የዘር ህዋስ በደንብ የሚሠራው ከሰውነት ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ባለ ቦታ ነው። ብርድ ሲሆን ቆለጡ ወደ ሆድ ሰብሰብ ይላል፤ ሙቀት ሲሆን ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል። ይህን በገዛ ኮርማችሁ ላይ ማየት ትችላላችሁ።

አንድ የዘር ህዋስ በቆለጡ ውስጥ ተሠርቶ ለማለቅ 61 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ከዚያ ከቆለጡ ጋር ተያይዞ በተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ ውስጥ እያለፈ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በለጥ ላለ ጊዜ ይበስላል። እንግዲህ ኮርማው ዛሬ የሚሰጠው ዘር ከሁለት ወር በፊት መሠራት የጀመረ ነው ማለት ነው።

ልብ በሉ! ኮርማው ከወር በፊት በብርቱ ትኩሳት ታሞ ከነበረ፣ ዛሬ ድኖ ቢቦርቅም ዘሩ ደካማ ሊሆን ይችላል። ላም ላይ መውጣቱ ብቻ አባት ለመሆን መቻሉን አያረጋግጥም።

በአንድ ስሪያ ኮርማው የሚሰጠው የዘር ህዋስ በቢሊዮን የሚቆጠር ነው። እያንዳንዱ ራስና ጭራ አለው፤ በጭራው እየዋኘ ይሄዳል። በዓይን ግን አይታይም። ለመጀመሪያ ጊዜ በማጉያ መነጽር አይቶ የጻፈው ሊውንሁክ የሚባል የሆላንድ ሰው ነው፤ ዘመኑም በአውሮፓ አቆጣጠር 1677 ነበር።

3. የላሟ እንቁላል

ዶሮ ብቻ ናት እንዴ እንቁላል ያላት? አይደለም። ላምም፣ በግም፣ ፍየልም፣ ሴት ልጅም እንቁላል አላት። ልዩነቱ የእነዚህ እንቁላል ቅርፊት የሌለው፣ ከአሸዋ ቅንጣትም የሚያንስ፣ ከሆድ የማይወጣ መሆኑ ነው። የሚያጠቡ እንስሳት እንቁላል እንዳላቸው በዓይን አይቶ ያረጋገጠው ፎን ቤር የተባለ ሊቅ ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1827 ነው። የወንዱ ዘር ከታየ በኋላ የሴቷ እንቁላል እስኪታይ 150 ዓመት አለፈ። በዚህ ሁሉ ዘመን ብዙ ሰው ወንዱን ዘሪ፣ ሴቷን ደግሞ ዝም ብላ የምትቀበል ማሳ አድርጎ ይቆጥር ነበር። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ዘር ሁለቱም አላቸው።

ላም ከማህፀኗ ግራና ቀኝ ሁለት የእንቁላል ከረጢቶች አሏት። ኮርማ ዘሩን ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ ይኖራል። እንስቷ ጥጃ ግን እንቁላሎቿን ይዛ ትወለዳለች፤ ቁጥራቸውም ከመቶ ሺህ በላይ ነው። ከእነዚህ ውስጥ እስከ መጨረሻው በስለው የሚወጡት በጣም ጥቂት ናቸው።

ጊደር ለአቅመ ስሪያ ከደረሰች በኋላ በየ21 ቀኑ ገደማ አንድ እንቁላል ይበስላል። አንዳንዷ በ18፣ አንዳንዷ በ24 ቀን ይመላለስባታል። እንቁላሉ ሲበስል የያዘው ከረጢት ወደ ደም የሚያስገባው ቅመም አለ። ሆርሞን ይባላል። ላሟን ለድራት የሚያነሳሳት ይኸው ሆርሞን ነው።

4. ድራት እንዴት ይታወቃል?

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

ላሟ ትጮሃለች፣ ትቅበጠበጣለች፣ መኖ ታሳንሳለች።
ሌሎች ላሞች ላይ ትወጣለች።
ሌላ ከብት ሲወጣባት ሳትሸሽ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ዋነኛው ምልክት ይህ ነው።
ከብልቷ ንጹህ፣ እንደ ክር የሚሳብ ፈሳሽ ይወርዳል።

ድራት የአንድ ቀን ዕድሜ እንኳ የለውም። ከግማሽ ቀን ብዙም አይዘልቅም፤ የአገራችን ላሞች ላይ ደግሞ አጠር ይላል። እንቁላሉ የሚለቀቀው ድራቱ ካለፈ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ከድራቱ አንድ ሁለት ቀን በኋላ ጥቂት ደም ቢታይ ጊዜው አልፏል ማለት ነው። ያን ቀን ኮርማ ፍለጋ መሮጥ ድካም ብቻ ነው፤ ቀኑን ጽፎ ቀጣዩን ድራት መጠበቅ ይሻላል።

እዚህ ላይ እኛው ራሳችን ተሳስተን ነበር። «ቀን ቀን በግጦሽ ላይ በደንብ ተመልከቱ» ብለን አስተማርን። የኦቦ ባለቤት ከኋላ ተቀምጠው ነበርና፣ «ቀን ምን ይታያል? የእኛዋ የምትጮኸው ሌሊት ነው። ጧት ዝም ትላለች። እኛ ጅብ ሸቷት ይሆናል ብለን እንተኛለን» አሉ።

ሁላችንም ዝም አልን። «አዴ፣ እርስዎ ነዎት ያስተማሩን» አልናቸው። በእርግጥም ብዙ ላሞች ድራታቸው ሌሊትና ንጋት ላይ ነው። በዚያ ላይ በኦቦ በረት ኮርማ የለም፤ ወይፈኖቹ ሁሉ ለእርሻ ተኮላሽተዋል። ኮርማ የሚመጣው ከወንዝ ማዶ ነው። እስኪመጣም ድራቱ ያልፋል።

5. ሁለቱ የት ይገናኛሉ?

በስሪያ ጊዜ ከገባው ዘር አብዛኛው በመንገድ ይቀራል። ከቢሊዮኖቹ መካከል ማህፀኑን አልፈው ወደ እንቁላሉ ቱቦ የሚደርሱት በሺህ የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው። የደረሱትም ወዲያው እንቁላሉን መውጋት አይችሉም። በላሟ ማህፀንና ቱቦ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት መብሰል አለባቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ያህል በሕይወት ይቆያሉ። እንቁላሉ ግን ከተለቀቀ በኋላ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ስለዚህ ዘሩ ቀድሞ ደርሶ እንቁላሉን ሊጠብቀው ይገባል። እንግዳ ሳይመጣ ቡና አፍልቶ እንደ መጠበቅ ነው።

እንቁላሉ ወደ ቱቦው ሲገባ የዘር ህዋሶች ይከቡታል። ከእነርሱ አንዱ ሽፋኑን በስቶ ይገባል። አንዱ እንደገባ ሽፋኑ ይለወጥና ለሌሎቹ ይዘጋል። የወንዱና የሴቷ ዘር አንድ ይሆናል። ይህ ፅንሰት ይባላል። ከዚያ አንዱ ህዋስ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ ወደ ማህፀን ይወርዳል።

6. በቅሎ ለምን አትወልድም?

በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ ክሮሞሶም የሚባሉ፣ የወላጅን መልክና ጠባይ ለልጅ የሚያወርሱ ክሮች አሉ። ላም 60፣ ሰው ደግሞ 46 አለው። የዘር ህዋስ ሲሠራ ግን ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገናኙና እኩል ይከፈላሉ። ኮርማው 30፣ ላሟም 30 ታዋጣለች። ጥጃው እንደገና 60 ይኖረዋል። ጥጃ ከአባቱም ከእናቱም የሚመስለው ለዚህ ነው።

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። አባቷ አህያ ነው፤ አህያ 62 ክር አለው። እናቷ ባዝራ ናት፤ ፈረስ 64 አለው። የሁለቱ ግማሽ 31 እና 32 ነው፤ ሲደመር 63 ይሆናል። ጥንዱ አይገጥምም። በዚህ የተነሳ የበቅሎ አካል የተስተካከለ የዘር ህዋስ መሥራት ያቅተዋል። በቅሎ የማትወልደው በእርግማን አይደለም።

7. ወንድ ወይስ ሴት?

ከክሮቹ መካከል ጾታን የሚወስኑ ሁለት አሉ። ኤክስና ዋይ ይባላሉ። እንስቷ ሁለት ኤክስ አላት፤ ስለዚህ እንቁላሏ ሁልጊዜ ኤክስ ብቻ ነው የሚይዘው። ወንዱ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። ከዘር ህዋሶቹ ግማሾቹ ኤክስ፣ ግማሾቹ ዋይ ይይዛሉ። ኤክስ የያዘው ቀድሞ ከገባ እንስት፣ ዋይ የያዘው ከገባ ተባዕት ይወለዳል።

ይህን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ስንጽፍ አንዲት ሴት ብድግ አለችና፣ «ይኸ ነገር ለላም ብቻ ነው ወይስ ለእኛም?» አለች።

«ለሰውም ያው ነው» አልናት።

«እንግዲያስ ሴት ልጅ ብቻ ወለድሽ ተብላ ከቤቷ የምትባረር ሴት ጥፋቷ ምንድን ነው?»

መልሱን በግልጽ እንጻፈው። ጥፋት የለባትም። የልጁን ጾታ የሚለየው ከአባት የሚመጣው ዘር ነው፤ እሱም ቢሆን መርጦ አይደለም። ልጅ ባልተወለደ ጊዜም እንደዚያው ነው። ችግሩ ከሴቷ ሊሆን ይችላል፤ ከወንዱ ሊሆን ይችላል፤ ከሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ጤና ጣቢያ ሄደው ሳይመረመሩ ሴቷን ብቻ «መካን» ማለት፣ ኮርማውን ሳያዩ ላሟን ለሥጋ እንደ መሸጥ ነው።

የኦቦ ባለቤት በዚህ ላይ ጨመሩ። «ላም እንስት ስትወልድ ደስ ይለናል፤ ሰው እንስት ስትወልድ ፊታችን ይጠቁራል። ይገርማል እኮ!»

8. ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የከሳች ላም ድራት አይመጣባትም። በተለይ ጥጃ እያጠባች መኖ ካጣች ብዙ ወራት ትቆያለች። ስለዚህ በበጋ የሚሆን ድርቆሽ እናከማች።

ሁለተኛ፣ የገንዲ በሽታ ከባድ ጠላት ነው። በባሮና በዴዴሳ ተፋሰስ ቆላዎች የቆላ ዝንብ በሽታውን ከከብት ወደ ከብት ያስተላልፋል። ገንዲ ላሟን ያከሳል፣ ድራቷን ያዛባል፣ ያስጨነግፋል፤ የኮርማውንም ቆለጥ ይጎዳል። ከብቱ ሲከሳና ፀጉሩ ሲቆም ቶሎ ለእንስሳት ሐኪም እናሳይ። ዛሬ ቡኖ በደሌ ዞን በሚባለው ክፍል፣ በበደሌ ከተማ የእንስሳት በሽታ የሚመረምር ላቦራቶሪ አለ።

ሦስተኛ፣ ላም ብትጨነግፍ ፅንሱንና እንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አንንካ። ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊኖረው ይችላል። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን እንቅበር፤ ወተትም አፍልተን እንጠጣ።

አራተኛ፣ ኮርማ በሌለበት ሰው ሠራሽ ማዳቀል አለ። በቃሊቲ እ.ኤ.አ. በ1981 ለዚሁ ሥራ አገር አቀፍ ማዕከል ተቋቁሟል። የተመረጠ ኮርማ ዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። በዚህም ቢሆን ጊዜ ወሳኝ ነው። ድራቷ ጧት የታየባት ላም ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየባት በማግስቱ ጧት ትዳቀላለች።

9. የኦቦ ላም

የኦቦ ባለቤት ከልጃቸው ደብተር አንድ ቅጠል ወሰዱ። ላሚቱ ሌሊት የጮኸችበትን ቀን በራሳቸው እጅ ጻፉና ከምሰሶው ላይ ሰኩት። በየቀኑ አንድ አንድ ጭረት ጨመሩ። በ20ኛው ሌሊት ላሚቱ ጮኸች። ኦቦ ሳይነጋ ኮርማውን ከወንዝ ማዶ አመጡ። ከዚያ በኋላ 21 ቀን ተቆጠረ፤ ዝም። 42 ቀን ሆነ፤ ዝም። ላሚቱ ገበያ ሳትወጣ ቀረች።

የጎረቤታቸው ላም ግን በዚያው ኮርማ ተሰርታ አልያዘችም። ከስታ ነበርና ሐኪም ሲያያት ገንዲ ተገኘባት። ሕክምና ጀመረች። እውቀት ሁሉን ነገር በአንድ ቀን አያቃናም፤ ችግሩ የት እንዳለ ግን ያሳያል።

እኛ ከዚያ መንደር ከተመለስን ከብዙ ወራት በኋላ ደብዳቤ ደረሰን። ጽሑፉ ኦቦ በራሳቸው እጅ የጻፉት ነበር፤ ፊደሉ ትልልቅ ነው። «ላሚቱ ወለደች። እንስት ናት። ባለቤቴ ቀኑን ጽፋዋለች» ይላል።

ጥያቄዎች

1. ኮርማ ከትኩሳት ከዳነ በኋላ ዘሩ ለምን ወዲያው አይበረታም?
2. የድራት ዋነኛ ምልክት የትኛው ነው?
3. ዘሩ እንቁላሉን ቀድሞ መጠበቅ ያለበት ለምንድን ነው?
4. የልጅን ጾታ የሚለየው የማን ዘር ነው? ለጎረቤታችሁ እንዴት ታስረዳላችሁ?
5. የላማችሁን ድራት ቀን በደብተራችሁ ጻፉ። 21 ቀን ቆጥራችሁ ምን እንደታየ አብራችሁ ተወያዩ።