በዕድሜ መግፋት ጊዜ ጕልበትን ስለ መጠበቅ

ወላጅን መጦር በሀገራችን የተመሰገነ ምግባር ነው። ልጅ ተምሮ ሥራ በያዘ ጊዜ አባቱን ከድካም ያሳርፋል፤ እናቱንም «ከእንግዲህ ምንም አይንኩ፤ ይቀመጡልኝ» ይላል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን መጦር ማስቀመጥ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፥ በአክብሮት የተደረገው ነገር የወላጅን ጕልበት የሚያጠፋ ስለሚሆን፥ በዚህ ወር ስለዚሁ ጕዳይ ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት አስበናል።

ጕልበት ስለምን ይደክማል?

የሰው ጡንቻ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ በየዐሥር ዓመቱ ከመቶ ከ3 እስከ 8 እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ከ60 ዓመት በኋላም ጕድለቱ ይፈጥናል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የዕድሜ ሥራ ብቻ አይደለም። ጡንቻ ሥራ ሲያጣ ይከሳል፤ ሥራ ሲያገኝ ይደነድናል። ዐጥንትም ክብደት ሲሸከምና ጡንቻ ሲስበው ይጠነክራል፤ ሥራ ሲፈታ ግን ይሳሳል። ስለዚህ ቀኑን ሁሉ ተቀምጦ የሚውል ሽማግሌ እግሩ ይከዳዋል፤ እግሩ የከዳውም ሰው በቀላሉ ይወድቃል። በእርጅና ጊዜ መውደቅ የዳሌን ዐጥንት እስከ መስበር የሚያደርስ፥ ሰውንም አልጋ ላይ የሚያውል ብርቱ አደጋ ነው።

ጊዜው አልፏልን?

አላለፈም። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ፥ ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ የሆነ 10 ደካሞች ሰዎች በእግራቸው ክብደት የማንሣት ልምምድ ለ8 ሳምንት እንዲያደርጉ ተደርጎ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው፥ ልምምዱን የፈጸሙት ሰዎች የእግር ጕልበት በአማካይ ከመቶ 174 እጅ ጨመረ፤ ይኸውም ከቀድሞው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሆነ ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.አ.አ. ባወጣው መመሪያ፥ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፥ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር፥ ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ሚዛን መጠበቅን የሚያስለምድ ሥራ እንዲሠሩ ይመክራል። ለዚህ መሣሪያ መግዛት አያሻም።

1ኛ. ከወንበር ላይ በእጅ ሳይደገፉ መነሣትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፤ ከ8 እስከ 12 ጊዜ።

2ኛ. ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ከመሬት ማንሣትና ማውረድ፤ እንዲሁ ከ8 እስከ 12 ጊዜ።

3ኛ. 1 ሊትር ውሃ የሞላ ጠርሙስ 1 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፥ በየእጁ አንድ አንድ ይዞ ማንሣት፤ ሲለመድ ክብደቱን መጨመር።

4ኛ. በግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር ለጥቂት ጊዜ መቆም።

5ኛ. መነጋገር እስከሚያስችል፥ መዘመር ግን እስከማያስችል ፍጥነት መራመድ።

ጡንቻን የሚያሠሩት በተከታታይ ቀን አይደረጉ፤ ሰውነት የሚታነጸው በዕረፍት ነውና። ሲያነሡም ትንፋሽን አለማፈን ይገባል። የልብ ሕመም፥ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ፤ ደረቱን የወጋው ወይም ራሱን ያዞረው ሰው ወዲያው ያቁም።

ስለ ምግብ

ልምምድ ያለ ገንቢ ምግብ በሚገባ አይረዳም። በጾም ቀን ሽሮ፥ ምስር፥ ክክና ባቄላ፥ በፍስክም እንቍላል፥ ወተትና ሥጋ እንደ ዐቅም ይቅረብ። ሽማግሌዎች በእንጀራው ሆዳቸውን ሞልተው ወጡን እንዳይተዉት፥ ለእነርሱ ከእንጀራው ይልቅ ወጡ ይብዛላቸው።

እንግዲህ መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው እንዲያስረዱልን አደራ እንላለን። ልጆች ከባዱን ሸክም ከወላጆቻቸው ይቀበሉ፤ ቀላሉን ሥራ ግን አይንጠቋቸው። አያትንም ሁልጊዜ «ይቀመጡ» ከማለት ይልቅ፥ «እስከ ቤተ ክርስቲያኑ» ወይም «እስከ መስጊዱ አብረን እንሂድ» ማለት የበለጠ ጡረታ ነው።